ገመዱ ክብ ነው፦ ባንዲራ እንዴት ይታሰራል፣ እንዴትስ ይወጣል?

የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ቀኑ ሲቃረብ ጅማም እንደ ሌላው ከተማ ሽር ጉድ ትላለች። ግቢ ይጠረጋል፣ ምሰሶ ቀለም ይቀባል፣ አዲስ ባንዲራ ይገዛል። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ አዋጁ ብዙ ይወራል። ገመዱን ስለሚስበው ሰው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ የግቢው ጥበቃ ነው፣ ወይ ተራ የደረሰው የ7ኛ ክፍል ተማሪ። መዝሙሩ ተጀምሮ ባንዲራው መሃል ላይ ቀጥ ሲል፣ ወይም ቀዩ ከላይ ሆኖ ሲወጣ፣ የግቢው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። "ልቡ የት ሄዶ ነው?" ይባላል። እኔ ግን ልጁን ከመውቀሴ በፊት ገመዱን አያለሁ። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳይሳብ፣ እታች ሲታሰር ነው።

ምሰሶው ላይ ምን ምን አለ?

ከሩቅ ሲታይ አንድ ቱቦና አንድ ጨርቅ ነው። ጠጋ ሲሉ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ አለች፤ ዙሪያዋን ገመድ የሚቀመጥበት ቦይ የወጣላት፣ ፑሊ የምንላት። ገመዱ ከታች ተነስቶ በእሷ ላይ ዞሮ ተመልሶ ይወርዳል። ሰው ደረት ላይ በሚደርስ ከፍታ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ቀንድ ያወጣ ብረት ተበይዷል። ገመዱ የሚጠመጠመው እሱ ላይ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከከተማ ወጣ ባሉ ትምህርት ቤቶች ምሰሶው ባህር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ፑሊም ላይኖረው ይችላል፤ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ይመታና ገመዱ በዚያ ያልፋል። ይሠራል። ግን ቀለበት አይሽከረከርም። ገመዱ ብረቱን እየፈተገ ስለሚሄድ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበላል። ባህር ዛፉን ደግሞ ከሥሩ ምስጥ ሊጨርሰው ስለሚችል አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርጎ ማየት ደግ ነው።

ወደ ታች እየሳብን እንዴት ወደ ላይ ይወጣል?

የጉድጓድ ውሃ በፑሊ የቀዳ ሰው መልሱን በእጁ ያውቀዋል። ገመዱን ወደ ታች ይስባል፣ ባልዲው ወደ ላይ ይመጣል። ፑሊዋ ክብደት አትቀንስም። 1 ኪሎ ለማንሳት የ1 ኪሎ ጉልበት፣ ከዚያም ለፍትጊያው ትንሽ ጭማሪ ይጠየቃል። ሥራዋ አቅጣጫ መቀየር ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ እሷ ባትኖር አንድ ሰው በየጠዋቱ 6 ሜትር መውጣት ነበረበት።

ከጉድጓዱ ጋር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ባልዲ ከባድ ነው፤ ገመዱን ስትለቁለት በራሱ ይወርዳል። ባንዲራ ቀላል ነው። ነፋስ ያንሳፍፈዋል፣ ሲረጥብ ምሰሶው ላይ ይለጠፋል። ልቀቁት ብትሉት አይወርድም። ስለዚህ ከላይ የሚስበው ብቻ ሳይሆን ከታችም የሚስበው ገመድ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው የባንዲራ ገመድ ክብ የሚሆነው። ከባንዲራው የላይ ጫፍ ተነስቶ ወደ ፑሊዋ ይወጣል፣ ይዞራል፣ እስከ እጃችን ይወርዳል፣ ተመልሶ የባንዲራውን የታች ጫፍ ይይዛል። አንዱን ወገን ስትስቡ ይወጣል፣ ሌላውን ስትስቡ ይወርዳል።

ይህን ክብ ያዙልኝ። ተገለበጠ፣ መሃል ቆመ፣ ገመዱ አመለጠ፣ ጨርቁ ተቀደደ የሚባለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

ገመድ ስንት ሜትር ይገዛ?

የምሰሶውን እጥፍ፣ ከዚያ ለመቋጠሪያ ትንሽ ትርፍ። ለ6 ሜትር ምሰሶ 12 ሜትር ብቻ ከገዛችሁ ቋጠሮው ይቸግራችኋል፤ 13 ወይም 14 ይሁን። የምሰሶውን ቁመት ብቻ ለክቶ መርካቶ የወረደ ሰው ተመልሶ መሄዱ አይቀርም።

ውፍረቱ ከፑሊዋ ቦይ ጋር ይስማማ። ቀጭን ሲባጎ ይበቃል ብሎ የሚገዛ አለ። ሲባጎ ከቦዩ ይወጣና በጎማዋና በመያዣዋ መሃል ይሰነቀራል። ያኔ ከታች ሆኖ ማስለቀቅ መከራ ነው። ለተራ የግቢ ምሰሶ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለው ናይሎን ይበቃል። የቃጫ ገመድ ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ያጥራል፣ ቋጠሮውም ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ይበሰብሳል። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለሚወርድባት ጅማ ቃጫ አይመከርም።

ባንዲራው ከየት ይታሰራል?

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ባንዲራ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ምሰሶው በኩል የሚሆነው ጠርዝ ነው፤ በድርብ ይሰፋል፣ ላይና ታች ቀዳዳ ወይም ማሰሪያ ይኖረዋል። ሌላው ነፋስ ላይ የሚጫወተው ጫፍ ነው። ገመድ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አስተሳሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው፣ የገመዱ አንድ ጫፍ ላይኛው ቀዳዳ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ታችኛው ላይ ይታሰራል። ክቡን የሚዘጋው ባንዲራው ራሱ ነው ማለት ነው። ብዙ ግቢ የምናየው ይህን ነው፤ ቀላልና ፈጣን ነው። ችግሩ፣ ገመዱን ባጠበቃችሁ ቁጥር የምትስቡት ጨርቁን ነው። በነፋስም በእጅም ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ቀዳዳው መጀመሪያ ይሰፋል፣ ከዚያ ይተረተራል። ጠርዙ ውስጥ ገመድ ወይም ጠንካራ ጥብጣብ የተሰፋበት ባንዲራ ካልሆነ ይህ አስተሳሰር ብዙ አያስኬድም።

በሁለተኛው፣ ገመዱ ከራሱ ጋር ተቋጥሮ ክቡ ይዘጋል። ባንዲራው ክቡ ላይ በሁለት ቦታ፣ ላይና ታች፣ በመንጠቆ ይንጠለጠላል። ጉልበቱን ገመዱ ይሸከማል፣ ጨርቁ ይንሳፈፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ምርጫዬ ይህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ በሁለቱ መንጠቆዎች መሃል ያለው ርቀት ከባንዲራው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። መንጠቆዎቹ ከተቀራረቡ ጠርዙ ይጨማደዳል፣ ባንዲራው አንገቱን የደፋ ይመስላል። ከተራራቁ ደግሞ ጨርቁ ይወጠርና ወደ መጀመሪያው ችግር እንመለሳለን።

ጠርዙ ቀዳዳ ሳይኖረው እንደ ቱቦ ተሰፍቶ የሚመጣ ባንዲራም አለ። በውስጡ አጭር ገመድ አሳልፉ፣ ጨርቁ እንዳይንሸራተት ላይና ታች በመርፌ ያዝ ያዝ አድርጉት፣ ከዚያ የሚታሰረው ያ አጭር ገመድ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ጋ ብትወስዱት የአፍታ ሥራ ነው።

ቋጠሮውስ ምን ዓይነት ይሁን?

የጫማ ክር አስተሳሰር አይሆንም። ለእግር ጥሩ ነው፤ ለባንዲራ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይፈታል። ሸምቀቆም አይሆንም፤ ገመዱ ሲላላ እሱም ይላላል።

የሚበጀው ይህ ነው። የገመዱን ጫፍ በቀዳዳው አሳልፉ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳልፉት፤ አሁን ቀዳዳው ላይ ሁለት ዙር አለ። ጫፉን ከዋናው ገመድ በላይ አዙራችሁ በራሱ ሥር አስገቡና ጥብቅ አድርጉ። ያንኑ አንድ ጊዜ ድገሙ። የተረፈው ጫፍ ቢያንስ የጣት ርዝመት ይኑረው። ሁለት ዙር፣ ሁለት ቋጠሮ። ጉልበቱን ዙሮቹ ይይዙታል፣ ቋጠሮዎቹ ዙሮቹን ይጠብቃሉ። ማታ ለመፍታትም ጥፍር አያስነቅልም።

ክቡን የሚዘጋው ቋጠሮ የት እንደሚሆንም አስቡበት። ባንዲራው ሲወጣ በፑሊዋ ላይ የሚያልፈው ከባንዲራው በላይ ያለው ገመድ ነው። ቋጠሮው እዚያ ካለ ፑሊዋ ጋ ሲደርስ ይሰነቀራል፣ ባንዲራውም ሜዳ ላይ ይቀራል። ቋጠሮው ከባንዲራው ሥር ይሁን። መሃል ላይ ቀጥ የሚሉ ባንዲራዎች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነው።

ተገልብጦ እንዳይወጣ ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ተጽፏል፤ አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሃል፣ ቀይ ከታች፣ መሃሉ ላይ ዓርማ። ሲገለበጥ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል ደግሞ ባለቤት አለው፤ የጋና ባንዲራ እንዲህ ነው፣ የቦሊቪያም እንዲህ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ውበት የማጉደል ብቻ አይደለም፣ ሳይታሰብ የሰው አገር ባንዲራ እስከ መምሰል ይደርሳል።

ጠዋት ጭጋግ ሲሆን፣ ባንዲራውም ተጣጥፎ ሲመጣ ቀለሙን ማመሳከር ያምታታል። ኮከቡን እዩ። አንዱ ጫፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማመልከት አለበት። የኦሮሚያ ባንዲራ ከሆነ ኦዳው አለ፤ ጥቁሩ ከላይ፣ ነጩ ከታች፣ ዛፉም ቆሞ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ላይኛው መንጠቆ ላይ ቀይ ናስትሮ መጠምጠም ነው። ባለ ናስትሮው ሁልጊዜ ወደ ፑሊዋ የሚሄደው ነው። በርካሽ ከትልቅ ሐፍረት ያድናል።

እየወጣ ሳለ ቢቆምስ?

መጀመሪያ እግራችሁን እዩ። አልቀለድኩም። ክብ ገመድ ስለሆነ አንዱ ወገን ሲሳብ ሌላው መንቀሳቀስ አለበት። ሌላው ወገን ላይ ሰው ከቆመበት፣ ወይም ከቀንዱ ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ፣ ባንዲራው ንቅንቅ አይልም።

ያም ካልሆነ በኃይል አትጎትቱ። ግማሽ ሜትር ያህል መልሳችሁ አውርዱት፣ ሁለቱንም ወገን በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ ያዙ፣ እንደገና ሳቡ። ገመድ ከቦዩ የሚወጣው ሲላላ ስለሆነ መወጠሩ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ፑሊዋ ዝጋ ከሆነ ግን ለዚያ ጠዋት መድኃኒት የለውም። ክረምቱ እንዳለፈ ግራሶ መቀባት ያለበት ሰው አልቀባም ማለት ነው።

ፍጥነቱንም በሒሳብ ማስላት ይቻላል። ባንዲራው የሚጓዘው 5 ሜትር ከሆነና መዝሙሩ 1 ደቂቃ ከወሰደ፣ በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከምታስቡት በላይ ቀርፋፋ ነው። ጀማሪ ሁሉ ፈጥኖ ይስብና ገና መዝሙሩ ሳይጋመስ ጫፍ ላይ ደርሶ ገመድ ይዞ ይቆማል። በእጅ አንድ ክንድ እየሳቡ፣ እያረፉ መሄድ ይሻላል።

ገመዱ ከእጅ ካመለጠስ?

ክቡ ተከፈተ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማታ፣ ባንዲራው ሲፈታ ነው። አንዱ ጫፍ ተፈቶ ነጻ ይሆናል፣ ነፋስ ነካ ያደርገዋል፣ ወደ ላይ መሄድ ይጀምራል። ከሄደ ወዲያ አይቆምም፤ በወዲያኛው ወገን ያለው ገመድ እየረዘመ፣ እየከበደ፣ የቀረውን እየሳበ ይጨርሰዋል። ሰው በደመ ነፍስ የሚያመልጠውን ጫፍ ለመያዝ ይዘላል። መያዝ ያለበት ግን ያላመለጠው ወገን ነው። እሱን ጥብቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ሩጫው ይቆማል። ቀንዱ ላይ እሰሩትና ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ መንጠቆ አስራችሁ የሸሸውን አውርዱ።

ተመዞ ከወጣ ወይ መሰላል ነው፣ ወይ ምሰሶው ከሥሩ በብሎን የሚታጠፍ ከሆነ ማጋደም ነው። ልጅ ቱቦው ላይ ማስወጣት ግን ፈጽሞ አይታሰብም። ከ6 ሜትር የወደቀ ሰው ሆስፒታል ነው የሚገባው።

መከላከያው ቀላል ነው። ማታ አንዱን ጫፍ ከባንዲራው ስትፈቱ ሌላውን ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቱን የገመድ ጫፎች እርስ በርስ አያይዙ። ክቡ ሌሊቱንም ዝግ ሆኖ ያድራል።

ያረጀ ገመድ ለመቀየርም ማንም መውጣት የለበትም። የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ፊት ለፊት አጋጥማችሁ በመርፌና በክር ስፉት፣ በናስትሮ ጠምጥሙት። ቋጠሮ አይሁን፣ ፑሊዋ አታሳልፈውም። ከዚያ አሮጌውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አዲሱ ተከትሎት ዞሮ ይመጣል።

ምን ያህል ባንዲራ ለምን ያህል ምሰሶ?

በልምድ የሚሠራበት መለኪያ የባንዲራው ርዝመት የምሰሶው አንድ አራተኛ ይሁን የሚል ነው። በኢትዮጵያ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ፣ ቁጥር 654/2001፣ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ለ6 ሜትር ምሰሶ 1 ሜትር ከ50 በ75 ሴንቲ ሜትር፣ ለ8 ሜትር ደግሞ 2 ሜትር በ1 ሜትር ይሆናል። ከዚህ በላይ ትልቅ ማድረግ ለዓይን ያምር ይሆናል። ግን የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የጨርቁ ስፋት ሲጨመርበት ቀጭን ቱቦ ይጎብጣል።

ባንዲራ ከየት በኩል እንደሚያረጅ አስተውላችኋል? ከነፋሱ ጫፍ ነው። ምሰሶው በኩል ያለው ጠርዝ ተይዟል፣ ወዲያኛው ጫፍ ግን ቀኑን ሙሉ ይገረፋል። መጀመሪያ ስፌቱ፣ ቀጥሎ ክሩ ይተረተራል። አንዳንዱ የተበላውን ቆርጦ መልሶ ይሰፋዋል። ቁጠባው ይገባኛል፣ ግን ርዝመቱ ከወርዱ እጥፍ ያንሳል፣ ዓርማውም ከመሃል ይወጣል። የተቀደደና የደበዘዘ ባንዲራ ማውለብለብም በአዋጁ ክልክል ነው።

ለሐዘን ዝቅ ሲል ለምን መጀመሪያ ጫፍ ይደርሳል?

በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሲያውጅ ባንዲራዎች ዝቅ ብለው ተውለብልበዋል። በብዙ አገር የተለመደው አሠራር ባንዲራው መጀመሪያ እስከ ጫፍ ወጥቶ፣ ለአፍታ ቆይቶ፣ ከዚያ ዝቅ እንዲል ነው። ማታም ሲወርድ እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው የሚወርደው። ዝቅ ያለው ሆን ተብሎ እንጂ ተሰናክሎ እንዳልቀረ የሚታወቀው በዚህ ነው። ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለው እንደየአገሩ ነው። በብሪታኒያ ለምሳሌ ከባንዲራው በላይ ቢያንስ የራሱን ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል።

ገመዱ ላይ ደግሞ ይህ ቀን ፈተና ነው። ባንዲራው ጫፍ ላይ ሲሆን የሚያቆመው ነገር አለ፤ መሃል ላይ ሲሆን የሚያቆመው ውጥረት ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ተወጥሮ ቀንዱ ላይ በ8 ቁጥር ቅርጽ ሦስት አራት ጊዜ ካልተጠመጠመ እስከ ቀትር ድረስ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ።

አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ባንዲራ ይሆናል?

ጅማ ውስጥ በመንግሥት ግቢዎች የፌዴራሉና የኦሮሚያው ጎን ለጎን ነው የሚሰቀሉት። ለየራሳቸው ምሰሶ፣ ለየራሳቸው ገመድ። አንድ ክብ ላይ ሁለት ማንጠልጠል ክብደቱን ያበዛል፣ ታችኛው ላይኛውን ይጠልፈዋል። ሁለት ሰዎች እኩል ማድረስ ከፈለጉ ደግሞ እርስ በርስ ሳይሆን ባንዲራዎቹን ይመልከቱ።

ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ

የረጠበ ባንዲራ ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ካደረ በጅማ አየር ቶሎ ይሻግታል። ቀዩም ቢጫው ላይ ይለቃል። ክፍል ውስጥ ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይደር።

ነጎድጓድ ከተሰማ ምሰሶው ረጅም ብረት መሆኑን አስታውሱ። የረጠበ ገመድም መብረቅ ያስተላልፋል። "ባንዲራው ሳይበሰብስ ላውርደው" ብሎ የሚሮጥ ጥበቃ አለ፤ አይሩጥ። ይርጠብ። ካባራ በኋላ ይወርዳል።

አዲስ ምሰሶ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ፈልጉ። 6 ሜትር ምሰሶ ቢወድቅ 6 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት።